የሁለቱ መሳቢያዎች ደንብ
ስለ ጥቃቅን ነጋዴዎች የሒሳብ አያያዝ የተጻፈ አንድ ጥናት ሲመረመር

በ2014 ዓ. ም. አሌሐንድሮ ድሬክስለር፣ ግሬግ ፊሸርና አንቷኔት ሾር በአንድነት ያወጡት ጽሑፍ የተጻፈው ለኢኮኖሚ ሊቃውንት ነው (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ሆኖም የሚናገረው ስለ ቤት፣ ስለ ቤተ ሰብና ገንዘብ በእነዚህ መካከል ስለሚሄድበት መንገድ ስለ ሆነ፣ የሕዝብን ልማድና አኗኗር የሚመረምሩ ሰዎች ሊያነቡትና ሊከራከሩበት የሚገባ ሥራ ነው። ከሦስቱ ጸሐፊዎች መካከል ፕሮፌሰር ሾር በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም፣ ስሎን በተባለው የሥራ አመራር ትምህርት ቤት የሚያስተምሩ ናቸው። የምርምራቸውም ዋና ነገር አዲስ ሥራ የሚያቋቁሙ ሰዎች ወረታቸውን እንዴት እንደሚያገኙና እንዴት እንደሚይዙ ማወቅ ነው።

የጥናቱ አሠራር እንደሚከተለው ነው። በዶሚኒካን ሪፑብሊክ ዋና ከተማ በሳንቶ ዶሚንጎ ለአነስተኛ ነጋዴዎች የሚያበድር አዶፔም የሚባል ባንክ አለ። ከዚህ ባንክ ተበዳሪዎች መካከል ከ1,000 የሚበልጡት፣ የሚበዙትም ሴቶች፣ በዕጣ በሦስት ወገን ተከፈሉ። አንደኛው ወገን በንግድ ትምህርት ቤት የሚሰጠውን ዓይነት የሒሳብ ትምህርት፣ ማለት የዕለት ገቢና ወጪን መመዝገብን፣ የዕቃ ቆጠራን፣ ትርፍና ኪሳራን ማስላትን ተማረ። ሁለተኛው ወገን በቃል ሊያዙ የሚችሉ ጥቂት ቀላል ደንቦችን ብቻ ተማረ። ሦስተኛው ለማነጻጸሪያ ምንም ሳይማር ቆየ። ከቀላሎቹ ደንቦች ዋነኛው፣ የንግዱን ገንዘብ በአንድ መሳቢያ፣ የቤቱን ገንዘብ በሌላ መሳቢያ ማስቀመጥ፣ ከአንዱ ወደ ሌላው ገንዘብ ሲተላለፍም ቤቱና ንግዱ ሁለት የማይተዋወቁ ሰዎች የሆኑ ይመስል የብድር ወረቀት ጽፎ ማኖር ነው። መሳቢያ ለሌላት ሴት ሁለት ቦርሳ ይበቃታል።

ውጤቱ ብዙዎችን ያስገረመ ነበር። ቀላሉን ደንብ የተማሩት የገንዘብ አያያዛቸውን አሻሻሉ፤ ስለ ንግዳቸው ሲጠየቁ የሚሰጡት ቁጥር እርስ በርሱ የሚስማማ ሆነ፤ ሽያጫቸውም፣ ይልቁንም ገበያ በከፋበት ሳምንት፣ ከፍ አለ። የትምህርት ቤቱን ሒሳብ የተማሩት ግን ምንም ካልተማሩት ይህን ያህል ተለይተው አልታዩም። ከደንቡ አብልጠው የተጠቀሙትም ቀድሞ ዕውቀታቸው አነስተኛ፣ አያያዛቸውም ደካማ የነበረው ናቸው።

ስለዚህ ውጤት አስቀድሞ ምስጋና መስጠት ተገቢ ነው። በብዙ አገር ለድኻ ነጋዴ ትምህርት የሚያዘጋጁ ድርጅቶች ከትልልቅ ኩባንያዎች የሒሳብ ክፍል የተቀዳውን ትምህርት አሳጥረው ማቅረብን እንደ በቂ ነገር ሲቆጥሩት ኖረዋል። ተማሪው ሳይገባው ሲቀር ጥፋቱ ይቆጠር የነበረው በተማሪው ላይ ነው። ሦስቱ ጸሐፊዎች ጥፋቱን ከተማሪው ወደ ትምህርቱ አዛውረው፣ ይህንንም በግምት ሳይሆን በዕጣ በተደለደለ ፈተና አሳይተዋል። በትምህርት ቤቱ ላይ የመጣው ትችት ከትምህርት ቤቱ ውስጥ ከሚያስተምሩት መምጣቱም የሚያስመሰግን ነው።

ክርክሩ የሚጀምረው «ቀላል» ከሚለው ቃል ላይ ነው። የሁለቱ መሳቢያዎች ደንብ ለመናገር ቀላል መሆኑ አያጠራጥርም። ነገር ግን አንድ ደንብ ለመናገር ቀለለ ማለት በውስጡ ያዘለው ሐሳብ ቀላል ነው ማለት አይደለም። ማክስ ቬበር በ1920 ስለ ሃይማኖት ማኅበራዊ ጥናት ለጻፋቸው ድርሳናት ባወጣው መግቢያ፣ ዘመናዊው የካፒታሊዝም ድርጅት ሊቆም የቻለው በሁለት ነገሮች ነው ብሎ ነበር፤ አንደኛው የንግዱ ሥራ ከመኖሪያ ቤቱ መለየቱ ነው፤ ሁለተኛው ከዚሁ ጋር የተያያዘው የሒሳብ መዝገብ ነው። ይህ መለያየት በአውሮፓ በሕግ፣ በሽርክና ውልና በከተማ አሠራር ብዙ መቶ ዓመታት ፈጅቶ የተገኘ ነው። በሳንቶ ዶሚንጎ በጥቂት ሳምንታት ትምህርት የተላለፈው ደንብ እንግዲህ የዚህ ሁሉ ታሪክ ጭማቂ ነው። ጸሐፊዎቹ ይህን የዘር ሐረግ ሳይጠቅሱ ደንቡን እንደ ተራ የብልኀት ምክር ማቅረባቸው የጽሑፉ የመጀመሪያ ጉድለት ነው። ምክር ከሆነ የሚጠየቀው ጠቀመ ወይስ አልጠቀመ ተብሎ ብቻ ነው፤ የአንድ ሥርዓት ቁራጭ ከሆነ ግን ሲገባ ምን እንዳፈናቀለም ሊጠየቅ ይገባል።

በዚህ ነገር ሌላ መንገድ የተከተሉ ሊቃውንት አልጠፉም። ሩሲያዊው አሌክሳንደር ቻያኖቭ በ1925 ስለ ገበሬ እርሻ አደረጃጀት ባሳተመው መጽሐፉ፣ ደመወዝተኛ የማይቀጥር ቤተ ሰብ ከእርሻው የሚያገኘው ነገር ሁሉ አንድና የማይከፋፈል የጉልበት ፍሬ ነው፤ ያልተከፈለ ደመወዝ እንደ ተከፈለ አድርጎ ከገቢው መቀነስ ቁጥርን ይፈጥራል እንጂ እውነትን አያሳይም ሲል ተከራክሯል። (ቻያኖቭ በስታሊን ዘመን ተይዞ በ1937 ተገደለ፤ የሥራው ዕድሜ ግን ከአሳሪዎቹ ዕድሜ ረዝሟል።) ስቲቨን ጉድማንና አልቤርቶ ሪቬራም በ1990 ስለ ኮሎምቢያ ባላገሮች በጻፉት መጽሐፍ፣ የገጠሩ ሰው ሒሳቡን የሚያስበው በቤቱ ደጃፍ መሆኑን አስረድተዋል፤ ከደጅ ወደ ውስጥ ያለው ወጪ አንድ ነገር ነው፣ ከደጅ ወደ ውጭ ያለው ወጪ ሌላ ነገር ነው። እንግዲህ መለየት እዚያም አለ። ድንበሩ ግን የተሰመረው በሌላ ስፍራ ነው።

ይህን ለማስተዋል የአማርኛ አንባቢ ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። በሒሳብ መዝገብ ራስጌ የሚጻፉት «ገቢ» እና «ወጪ» የሚገባና የሚወጣ ማለት ናቸው፤ መግባትና መውጣትም ደጃፍ ያለው ነገርን ያሳስባሉ። «ትርፍ» ደግሞ የተረፈ ነው። ከምን የተረፈ? በኩባንያ ቋንቋ ከሽያጭ ላይ ወጪው ሲቀነስ የቀረው ነው። እንጀራ እየጋገረች ለምትሸጥ ሴት ግን ልጆቹ ከበሉ፣ የዕድሩ ወርኀዊ ከተከፈለ፣ የነገው ጤፍ ከተገዛ በኋላ በእጇ የቀረው ሊሆን ይችላል። «ትርፍሽ ስንት ነው?» ተብላ ስትጠየቅ «ምንም የለኝም» ብትል ዋሸች አይባልም፤ አላወቀችም ማለትም አይቻልም። ጠያቂውና ተጠያቂዋ በአንድ ቃል ሁለት ሒሳብ ይዘዋል። መልሱን በሠንጠረዥ የሚያሰፍር ተመራማሪ ይህን ካላወቀ፣ ዜሮ የሚል ቁጥር ጽፎ ያልፋል።

ጽሑፉ የሁለቱን መሳቢያዎች ደንብ ያቀረበው ቀድሞ ያልነበረ ነገር እንደሚተከል አድርጎ ነው። ቪቪያና ዘሊዘር በ1994 ስለ ገንዘብ ማኅበራዊ ትርጉም በጻፉት መጽሐፍ እንዳሳዩት ግን፣ ሰዎች በየትም አገር አንዱን ብር ከሌላው ብር ይለያሉ፤ የኪራይ፣ የምግብ፣ የልጅ፣ የቀብር ብለው ስም ይሰጡታል። በዶሚኒካን ሪፑብሊክ ራሱ «ሳን» የሚባል ልማድ አለ፤ አባላቱ በየጊዜው እኩል እያዋጡ ድምሩን በተራ ይወስዳሉ፤ በአጭሩ ዕቁብ ነው። ክሊፎርድ ጊርትዝ በ1962፣ ሸርሊ አርድነርም በ1964 ይህን መሰሉን ማኅበር ከእስያ እስከ አፍሪካ እየተከታተሉ መርምረውታል። ዕቁብ በሌላ ሰው እጅ ያለ መሳቢያ ነው። ቁልፉም ጠንካራ ነው፤ ባልም፣ ወንድምም፣ ራሷ ባለቤቲቱም ተራው ሳይደርስ ሊከፍተው አይችልም። በጉሊት የምትቀመጥ ሴት በመቀነቷ ጫፍ አንዱን ቋጠሮ ለዕቁብ፣ ሌላውን ለነገ ሸቀጥ አድርጋ ስትቋጥር ስለ ሒሳብ መለየት ያስተማራት ባንክ አልነበረም። ጥናቱ ከትምህርቱ በፊት የነበሩትን እንደነዚህ ያሉትን መለያዎች አስቀድሞ ዘርዝሮ ቢሆን ኖሮ፣ ደንቡ የረዳው አዲስ ነገር በማስተማሩ ነው ወይስ የቆየውን ልማድ በባንክ ፊት ክብር በመስጠቱ ነው የሚለውን መለየት በተቻለ ነበር። ይህ ትንሽ ልዩነት አይደለም፤ ሁለተኛው እውነት ከሆነ የቀላሉ ደንብ ድል የሒሳብ ትምህርት ድል ሊባል አይችልም።

ከዚህ ሁሉ የሚከብደው ግን የጉልበት ነገር ነው። በሁለቱ መሳቢያዎች መካከል የብድር ወረቀት የሚጻፈው ገንዘብ ሲተላለፍ ነው። በቤትና በንግድ መካከል የሚተላለፈው ግን ከሚበዛው ጊዜ ገንዘብ አይደለም። በሳንቶ ዶሚንጎ ኮልማዶ የሚባለው የሰፈር ሱቅ ብዙ ጊዜ ባለቤቶቹ ከሚኖሩበት ቤት ጋር የተያያዘ ነው፤ ለጎረቤት በዱቤ ይሸጣል፤ ከመደርደሪያው ላይ የተነሣው ሩዝ ወደ ባለሱቋ ድስት ይገባል፤ እርሷ ወደ ጓዳ ስትገባ ልጅቱ ሚዛኑን ትይዛለች። የእንጀራ ሻጯም ነገር እንዲሁ ነው፤ ምጣዱ የቤቱ ነው፣ ውሃውን የቀዳችው እኅቷ ናት፣ የተቀደደውንና ለገበያ የማይቀርበውን እንጀራ የሚበሉት ልጆቿ ናቸው። ሩዙና እንጀራው ከንግዱ ወደ ቤት ሲሄዱ በደንቡ መንፈስ ቤቱ ዕዳ አለበት። የልጅቱና የእኅቲቱ ጉልበት ከቤት ወደ ንግድ ሲሄድ ግን ወረቀት የሚጽፍ የለም። ለባለቤቲቱ ራሷ ደመወዝ ቢታሰብላት እንኳ የቀሩት እጆች ዋጋ ዜሮ ሆኖ ይቀራል። ከዚህ የተነሣ ቤት ሁልጊዜ ተበዳሪ፣ ንግድ ሁልጊዜ አበዳሪ ሆኖ ይታያል፤ ለንግዱ ነፃ ሠራተኛ የሚያቀርበው ቤት በመዝገቡ ላይ ወረት በይ ይባላል።

ይህ የሒሳብ ድንበር በቁጥር ላይ ምን እንደሚያደርግ ከዚያው ከንግድ ትምህርት ቤቶች ዓለም የወጣ ሌላ ሥራ አሳይቷል። በስሪ ላንካ፣ በጋናና በህንድ በተደረጉ ፈተናዎች ለወንዶች የተሰጠው መነሻ ገንዘብ ወይም ብድር ትርፍ ሲያስገኝ ለሴቶች የተሰጠው ብዙም አላስገኘም ተብሎ ነበር። ከዚህም በመነሣት ሴቶች ለንግድ ያላቸው ችሎታ ወይም ዝንባሌ አነስተኛ ነው እንዴ የሚል ጥያቄ ሲንከባለል ቆየ። አሪዬላ በርንሀርት፣ ኤሪካ ፊልድ፣ ሮሂኒ ፓንዴና የሃርቫርድ የንግድ ትምህርት ቤት መምህርት ናታልያ ሪጎል በ2019 ባወጡት ጽሑፍ እነዚያኑ መረጃዎች በቤተ ሰብ ደረጃ እንደገና ቆጠሩ። የሴቶቹ ገንዘብ ወደ ባሎቻቸው ንግድ ገብቶ ተገኘ። በቤቱ ውስጥ ብቸኛዋ ነጋዴ የሆነች ሴት ያገኘችው ገንዘብ ትርፏን በጣም ከፍ አድርጎታል፤ የመላው ቤተ ሰብ ገቢ ሲታይ ደግሞ ገንዘቡ ለወንድ ቢሰጥ ወይም ለሴት ልዩነት አልነበረውም። ድንበሩ በአንዲት ሴት መሳቢያ ላይ ሲሰመር ሰነፍ ነጋዴ የመሰለችው፣ በደጃፉ ላይ ሲሰመር የቤቱ ባለወረት ሆና ተገኘች። በነዚህ ዓመታት መካከል ስንት ብድር ሰጪ ድርጅት በመጀመሪያው ቁጥር ተመርቶ ስለ ሴቶች እንደ ፈረደ መገመት አያዳግትም። በእርግጥ ገንዘቡ ወደ ባል ሱቅ የሄደው በስምምነት ነው ወይስ በግድ የሚለውን ይህም ሥራ አልመለሰውም፤ የቤተ ሰብ ድምር እኩል መሆኑ በቤቱ ውስጥ ያለውን ድርሻ አይናገርም።

ስለ ሽያጩ መጨመርም አንድ ነገር ሊባል ይገባል። ሱረሽ ደ ሜል፣ ዴቪድ መኬንዚና ክሪስቶፈር ውድረፍ በ2009 ከስሪ ላንካ ባቀረቡት ጥናት፣ ጥቃቅን ነጋዴዎች ሲጠየቁ የሽያጫቸውን መጠን ወደ 30 በመቶ አሳንሰው እንደሚናገሩ፣ የሒሳብ ደብተር ሲሰጣቸውም የሚናገሩት ሽያጭና ወጪ እንደሚለወጥ፣ ትርፉ ግን እንደማይለወጥ ገልጸዋል። ስለዚህ መመዝገብን የተማረ ሰው ሽያጩ ሳይጨምር የሚያስታውሰው ሽያጭ ብቻ ሊጨምር ይችላል። ይህ ጥርጣሬ በሳንቶ ዶሚንጎው ውጤት ላይ ሙሉ በሙሉ ይሠራል ማለት ግን ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። መዝገብ መያዝን በሰፊው የተማሩት አንደኛዎቹ ነበሩ፤ ሽያጫቸው ጨመረ የተባሉት ግን ሁለተኛዎቹ ናቸው። ደግሞም ጭማሪው ጎልቶ የታየው በክፉ ሳምንት ነው። ማስታወስ ብቻ ቢሆን በደጉም በክፉውም ሳምንት እኩል በታየ ነበር።

ክፉው ሳምንት የጥናቱ ዋና ፍሬ ያለበት ስፍራ ሳይሆን አይቀርም፤ ጸሐፊዎቹ ግን ፈጥነው አልፈውታል። ገበያ የሚከፋው ሁልጊዜ ገዢ ስለጠፋ አይደለም። በቤት ውስጥ ሰው ሲታመም፣ ዘመድ ሲሞት፣ የኪራይ ቀን ሲደርስ ለሸቀጥ መግዣ የተቀመጠው ገንዘብ ይወጣና በሚቀጥለው ሳምንት መደርደሪያው ባዶ ይሆናል። ሁለተኛው መሳቢያ ይህን ከከለከለ ደንቡ በእውነት ሠርቷል። ያን ጊዜ ግን ሌላ ጥያቄ ይነሣል፤ መሳቢያው ሲዘጋ በደጅ ቆሞ የተመለሰው ማን ነው? የታመመው ሰው፣ ልቅሶ የደረሰባት አክስት፣ የትምህርት ቤት የሚከፈልለት የወንድም ልጅ በጥናቱ ናሙና ውስጥ አልገቡም፤ ስለዚህ ያጡት ነገር በየትኛውም ሠንጠረዥ አይገኝም። ፓሜላ ጃኪየላና ኦወን ኦዚየር በ2016 ባሳተሙት የኬንያ ፈተና፣ አንዳንድ ሴቶች ያገኙትን ገንዘብ ከዘመድ ዓይን ለመሰወር ሲሉ አነስተኛ ትርፍ ያለውን መንገድ መርጠዋል። እንግዲህ ሴቶቹ ራሳቸው መሳቢያውን መዝጋት የሚፈልጉበት ጊዜ አለ፤ የዘመድ ጥያቄ ሁሉ ደግ አይደለም። ቢሆንም አንዱ የሚያተርፈው ሌላው ከሚያጣው የመጣ እንደ ሆነ፣ የደንቡ ጥቅም መመዘን ያለበት ሁለቱም ወገኖች ተቆጥረው ነው።

በኢትዮጵያ ዕድር ለዚህ ችግር የተለየ መልስ ሰጥቶታል። የሞትን ወጪ ከቤትም ከንግድም አውጥቶ በሦስተኛ ሣጥን ውስጥ አኑሮታል። ስቴፈን ደርከንና ባልደረቦቹ በ2006 እንደ ጻፉት ዕድር በተወሰነ መዋጮ፣ በአባልነት መዝገብና በጽሑፍ በተቀመጠ ደንብ የሚሠራ መድን ነው። ሣጥኑ የጋራ ስለ ሆነ ነጋዴዋ ወረቷን ለልቅሶ ሳታወጣ፣ ዘመዷንም ሳታሳፍር መኖር ትችላለች። ይህ ለሞት ነው እንጂ ለበሽታና ለትምህርት ሁልጊዜ አይደርስም። ሆኖም የመሳቢያ ቁጥር ሁለት ብቻ መሆን እንደሌለበት ያሳያል።

የጊዜው ርዝመትም ሊታሰብበት ይገባል። የሳንቶ ዶሚንጎው ውጤት የተለካው ከትምህርቱ በኋላ አንድ ዓመት ያህል ቆይቶ ነው። አንድ ዓመት ስንት እንደሚያሳይ ከኢትዮጵያ የመጣ ማስረጃ አለ። ክሪስቶፈር ብላትማንና ስቴፈን ደርከን ከአምስት የኢንዱስትሪና የእርሻ ድርጅቶች ጋር ሆነው፣ ለሥራ ያመለከቱ ወደ 1,000 የሚጠጉ ሰዎችን፣ የሚበዙትም ወጣት ሴቶች ናቸው፣ በዕጣ ከፋፈሏቸው፤ ለአንዳንዶቹ የፋብሪካ ሥራ፣ ለአንዳንዶቹ 300 ዶላርና የንግድ ትምህርት ተሰጠ፤ የቀሩት ምንም አልተሰጣቸውም። በ2018 በወጣው ጽሑፍ መሠረት ከአንድ ዓመት በኋላ የፋብሪካው ሥራ ገቢያቸውን ብዙም አልጨመረላቸውም፤ አብዛኞቹ ፈጥነው ለቀቁት፤ በኢንዱስትሪ ለሠሩበት ለእያንዳንዱ ወር ከባድ የጤና ችግር የመድረሱ መጠን በመቶ አንድ ያህል ከፍ ይል ነበር። ገንዘቡና ትምህርቱ የደረሳቸው ግን ገቢያቸው በ33 በመቶ አደገ። የንግድ ትምህርት ወዳጆች በዚህ ደስ ቢላቸው አይፈረድባቸውም። ሳይመን ፍራንክሊን ተጨምረው በ2019 የቀረበው የአምስት ዓመት ውጤት ግን ሦስቱ ወገኖች በሁሉም ነገር አንድ ወደ መሆን እንደ ተመለሱ ገለጸ። ገንዘብ የተሰጣቸው ትንንሽ ንግዶቻቸውን ትተዋቸው ነበር፤ ፋብሪካው ያደረሰው የጤና ጉዳትም ጊዜያዊ ሆኖ ተገኘ።

ብላትማንና ባልደረቦቹ ይህን ውጤት ሳይሸሽጉ ማውጣታቸው ለሌሎች ምሳሌ ሊሆን የሚገባው ነው። ንግዶቹ ለምን እንደ ተተዉ ግን በአንድ ሰው ገቢ የተሠራ ሠንጠረዥ ሊናገር አይችልም። መነሻው ገንዘብ በልቅሶ አለቀ፣ ወደ ባል ሱቅ ገባ፣ በጋብቻ ምክንያት ከሰፈር ጋር ተለወጠ፣ ወይስ ባለቤቲቱ የተሻለ ሥራ አግኝታ በፈቃዷ ዘጋችው? የየአንዳንዱ ትርጉም የተለየ ነው፤ በመዝገቡ ላይ የሚታየው ግን አንድ ዓይነት ነው። ለእንዲህ ያለው ጥያቄ በኢትዮጵያ ከተሞች ገና በሰፊው ያልተነኩ ጽሑፎች አሉ። የዕቁብና የዕድር ጸሐፊዎች የያዟቸው ደብተሮች ማን በየትኛው ቀን እንዳዋጣ፣ ማን ተራውን ለማን እንደ ለቀቀ፣ ማን መቼ ማዋጣት እንዳቋረጠ የሚያሳዩ ናቸው። ባለመዝገቦቹ ፈቅደው፣ ስማቸውም ተጠብቆ፣ እነዚህ ደብተሮች ከአንዲት ነጋዴ የሱቅ ሒሳብ ጋር ገጽ ለገጽ ቢነበቡ፣ ከመሳቢያው የወጣው ገንዘብ በየትኛው ደጃፍ እንደ ገባ ማየት ይቻላል።